ኦፓል ነው ወይስ ጠርሙስ? ማይክሮስኮፑ ሥር ጠቆረብኝ

ባለ ማይክሮስኮፑ
ሰላም ለዚህ ቤት። ደብረ ብርሃን ነው ያለሁት፣ የባዮሎጂ መምህር ነኝ። ባለፈው እሑድ አጎቴ ከመንዝ መጣ። ገና ቁጭ ሳይል ከኪሱ በመሐረብ የተቋጠሩ ሦስት ድንጋዮች አውጥቶ ጠረጴዛው ላይ ዘረገፈ። ሁለቱ ቡናማ ናቸው፣ ከሩቅ ሲያዩዋቸው የተጠበሰ ድንች ይመስላሉ። ስንጥቃቸው ውስጥ ትንሽ ቀለም ብልጭ ይላል። ሦስተኛው ግን ሌላ ነው። የተወለወለ፣ አረንጓዴና ቀይ የሚንቦገቦግ። «ኦፓል ነው፣ መንገድ ላይ ከአንድ ሰው ገዛሁት» አለኝ። «በስንት?» ብለው ዝም አለ። አጎቴ ዝም ካለ ብዙ ነው ማለት ነው።

ላብራቶሪያችን ውስጥ ያረጀ ማይክሮስኮፕ አለ። ሣጥኑ ውስጥ ሁለት ጠቆር ያሉ ክብ ማጣሪያዎች አገኘሁ፣ አንዱ ላይ ፖላራይዘር፣ ሌላው ላይ አናላይዘር ይላል። ማዕድን የሚለየው በዚህ ነው ሲባል ሰምቼ ስለነበር ከሚያምረው ድንጋይ ጠርዝ ትንሽ ፍንካች አንሥቼ ስላይድ ላይ አደረግሁ። ድርግም ያለ ጨለማ! ባዞረው ባዞረው ያው ነው። አጎቴ ከኋላዬ ቆሞ «ጠቆረ? ውሸት ነው ማለት ነው?» ይለኛል። ምን ልበለው?

ድንጋይ ወዳጅ
ወንድሜ፣ መጀመሪያ አጎትህን አረጋጋቸው። መጥቆሩ ውሸት ነው አያሰኝም። እውነት ነውም አያሰኝም። ኦፓልም ጠርሙስም በዚያ መሣሪያ ሥር ይጠቁራሉ።

ምክንያቱን ላስረዳ። ተራ ብርሃን ሲጓዝ በሁሉም አቅጣጫ ይርገበገባል። ፖላራይዘሩ ከዚያ ውስጥ አንዱን አቅጣጫ ብቻ ያሳልፋል። ከላይ ያለው አናላይዘር በ90 ዲግሪ ዞሮ ስለተቀመጠ ያንኑ ያለፈውን መልሶ ይዘጋዋል። መሃል ላይ ምንም ከሌለ ጨለማ ነው። አሁን መሃሉ ላይ ክሪስታል አስገባ። የአብዛኛው ክሪስታል አተሞች አሰላለፍ በዚህ በኩል ሌላ፣ በዚያ በኩል ሌላ ነው። ስለዚህ የገባው ብርሃን ለሁለት ይከፈላል። አንዱ ፈጣን ነው፣ አንዱ ቀርፋፋ።

ከደብረ ሲና ወደ ጣርማ በር ሽቅብ የሚወጡ ሁለት ሰዎች አስብ። እኩል ተነሡ። አንዱ ጎረምሳ ነው፣ ሌላው ጉልበቱን ያመዋል። ላይ ሲደርሱ በመካከላቸው ያለውን ርቀት የሚወስኑት ሁለት ነገሮች ናቸው፤ የፍጥነታቸው ልዩነትና የዳገቱ ርዝመት። የፍጥነቱ ልዩነት የማዕድኑ ጠባይ ነው። ዳገቱ የቁራጩ ውፍረት ነው። ሁለቱ ጨረሮች አናላይዘሩ ጋ እንደገና ሲገናኙ አንዳንዱ ቀለም ይጠፋፋል፣ አንዳንዱ ይጎላል። የምታየው ቀለም ከዚያ ይመጣል።

ጠርሙስ ውስጥ አተሞቹ እንደ ገበያ ሰው የተደበላለቁ ናቸው። በየትም ብትገባ ያው ነው። የሚከፈል ብርሃን የለም፣ ጨለማው እንዳለ ይቀራል። ኦፓልም በዚህ ረገድ ከጠርሙስ ወገን ነው። የኛ አገር ኦፓል በኤክስሬይ ሲመረመር ጥቃቅን ክሪስታሎች ይገኙበታል። ግን በጣም ደቃቅና የተምታቱ ስለሆኑ በዚህ ማይክሮስኮፕ ከጨለማ የሚለይ ነገር አታይም። ቢበዛ ውጥረት ያለበት ቦታ ላይ ጭላንጭል።

ጣርማ በር
ጉልበቱን የሚያመው ሰውዬ እኔ ነኝ 😄 ግን ጋሼ፣ አንድ ያልገባኝ ነገር አለ። ኦፓል ውስጥ ሥርዓት ከሌለ ያ ሁሉ የሚንቦገቦግ ቀለም ከየት መጣ?

ድንጋይ ወዳጅ
አሪፍ ጥያቄ ነው። ሥርዓት አለ፣ ግን በሌላ ደረጃ ነው ያለው። እ.ኤ.አ. በ1964 የአውስትራሊያ ተመራማሪዎች ኦፓልን በኤሌክትሮን ማይክሮስኮፕ አይተው የቀለሙን ምሥጢር አገኙ። ድንጋዩ ከጥቃቅን የሲሊካ (የአሸዋና የጠርሙስ ዋና ንጥረ ነገር) እንክብሎች የተሠራ ነው። የእያንዳንዱ ስፋት በግምት ከ150 እስከ 300 ናኖሜትር ነው፤ ናኖሜትር የሚሊ ሜትር አንድ ሚሊዮንኛ ነው። እንክብሎቹ ልክ በጆንያ ተጭኖ እንደተደረደረ ብርቱካን ሥርዓት ይዘው ሲቀመጡ ብርሃኑን ይበትኑትና ቀለም ይወጣል። መጠናቸው ተራ ማይክሮስኮፕ ለይቶ ከሚያየው በታች ወይም ጫፉ ላይ ነው። ስለዚህ እንክብሎቹ በሥርዓት ተደርድረዋል፣ በእያንዳንዱ እንክብል ውስጥ ግን አተሞቹ ተደበላልቀዋል። ፖላራይዝድ ብርሃን የሚጠይቀው ሁለተኛውን ነው።

የቡናማዎቹ መልክ የነገርከኝ ከመዘዞ አካባቢ ለሚወጣው ይመስላል። የመዘዞ ኦፓል እ.ኤ.አ. በ1990ዎቹ ነው በዓለም ገበያ ስሙ የተሰማው። ከእሳተ ገሞራ አመድ በተሠራ ድንጋይ ውስጥ እንደ እንቁላል ድቡልቡል ብሎ ይወጣል። ብዙው ቡናማ ነው፣ የመሰነጣጠቅ አመልም አለበት። የወሎው የወገል ጤና ኦፓል በኋላ ነው የመጣው፣ እ.ኤ.አ. በ2008። ነጭና ጠራ ያለው እሱ ነው።

አወያይ
«ኦፓል በጥሩ ዋጋ እገዛለሁ» እያላችሁ ስልክ የምትለጥፉ፣ አጥፍቻለሁ። ሁለተኛ ከሆነ እግዳለሁ። ይህ የሳይንስ ቤት ነው።

ፊዚክስ 12ኛ
ሰላም መምህር። እኛ ትምህርት ቤት ማይክሮስኮፕ አለ፣ ግን ፖላራይዘር የሚባል ነገር የለውም። ከየት ይገኛል? ዋጋውን አየሁት፣ አይቀመስም።

ጣርማ በር
ወንድሜ ለሱ ብር አታውጣ። የተበላሸ ካልኩሌተር ፈልግ። እስክሪኑ ፊት ላይ የተለጠፈ ግራጫ ፊልም አለ፣ እሱ ነው ፖላራይዘሩ። በምላጭ ቀስ ብለህ አንሣው። ከኋላ ያለውን ተወው፣ ብርማ ጀርባ ስላለው ብርሃን አያሳልፍም። የፊተኛውን ለሁለት ቁረጥ። ሁለቱን ደራርበህ አንዱን አዙር፤ አንድ ቦታ ላይ ይጠቁራል። ያን አቀማመጥ ምልክት አድርግበት። አንዱን ከስላይዱ ሥር፣ ሌላውን ከሌንሱ በላይ አስቀምጥ፣ አለቀ።

ለመጀመሪያ ማይክሮስኮፕም አያስፈልግህም። የላፕቶፕ እስክሪን ነጭ አድርገህ ክፈት። ከእሱ የሚወጣው ብርሃን ቀድሞውኑ ፖላራይዝድ ነው። ፊት ለፊቱ የፕላስቲክ ማስመሪያ ያዝ፣ በፊልሙ አሾልከህ እያየህ ፊልሙን አዙር። ማስመሪያው ቀስተ ደመና ይሆናል። ፋብሪካ ሲቀርጸው ውስጡ የቀረው ውጥረት ነው እንደዚያ የሚታየው። ጎንበስ ስታደርገው ቀለሙ ይሮጣል። የሲኒማ 3ዲ መነጽር ግን አይሆንህም፣ የሱ ማጣሪያ ሌላ ዓይነት ነው። እኔ ሞኝ ሆኜ አንድ ቀን ሙሉ ታግዬበታለሁ።

ባለ ማይክሮስኮፑ
ፊዚክስ 12ኛ፣ ድንች ሞክር! እኔ ትናንት ክፍል ውስጥ ሞከርኩት። ጥሬ ድንች በቢላ ፋቅ ፋቅ አድርገህ ውሃውን ጠብ አድርግ። በተራ ብርሃን ስታየው የስታርቹ ፍሬ ተራ እንቁላል ነው። ሁለቱን ማጣሪያ ስታቆላልፍ እያንዳንዱ ፍሬ ላይ ጥቁር መስቀል ይወጣል። በነጭ ፍሬ ላይ ጥቁር መስቀል፣ በመቶ የሚቆጠር! አንዷ ተማሪዬ «ጥምቀት መሰለ» አለች።

የገረመኝ ግን ሌላ ነው። ስላይዱን ሳዞረው ፍሬው ይዞራል፣ መስቀሉ አይዞርም።

ድንጋይ ወዳጅ
መስቀሉ የፍሬው አይደለማ፣ የማጣሪያዎችህ ነው። የስታርቹ ሞለኪውሎች ከመሃል ወደ ዳር እንደ ጋሪ ጎማ ጨረር ተዘርግተዋል። ከፖላራይዘሩ ወይም ከአናላይዘሩ ጋር የተስተካከሉት ብቻ ይጠቁራሉ። ጎማውን ብታዞረው ሌላ ጨረር ያንኑ ቦታ ይይዛል። አሁን ድንቹን ቀቅለህ ድገመው።

ባለ ማይክሮስኮፑ
ቀቀልኩት። መስቀሉ ጠፋ! ፍሬዎቹ አብጠው፣ ተልፈስፍሰው፣ ጨለማ ውስጥ ገቡ።

ድንጋይ ወዳጅ
የድንች ስታርች በ60ዎቹ ዲግሪ ሴንቲግሬድ አካባቢ ሥርዓቱን ያፈርሳል። ደብረ ብርሃን ላይ ውሃ በ91 ዲግሪ ገደማ ስለሚፈላ ለዚህ ከበቂ በላይ ነው። ገንፎ ሲገነፋም፣ አጥሚት ሲወፍርም የሚሆነው ይኸው ነው። እናቶቻችን በማማሰያ የሚያውቁትን አንተ በማይክሮስኮፕ አየኸው። የምግብ ፋብሪካዎች ዱቄት በስሎ እንደሆነ የሚያረጋግጡበት አንዱ መንገድ ይህ መስቀል ነው።

ስኳርና ጨውም ጎን ለጎን አድርግ። ስኳሩ ያበራል፣ ጨው ይጠቁራል። ጨው ክሪስታል ሆኖ ሳለ የሚጠቁረው አሠራሩ ኩብ ስለሆነ ነው፤ በሁሉም በኩል እኩል ነው። ስለዚህ ጨለማ ማለት ሁልጊዜ ክሪስታል አይደለም ማለት እንዳይመስልህ። አሞሌውም፣ ጋርኔት የሚባለው ማዕድንም ይጠቁራሉ።

የመሐል ሜዳዋ
ከርዕስ ልወጣ ነው፣ ይቅርታ። እኔ ባና እና ዝተት የሚባሉትን የበግ ፀጉር ብርድ ልብሶች እሸጣለሁ። ከመንዝ በግ ፀጉር የተፈተለ ነው ብለው ያመጡልኛል፣ አንዳንዱን ስነካው ልቤ አይቀበለውም። ሰው ሠራሽ ክር የገባበት ይመስለኛል። ይህ ነገር ይለየዋል?

ድንጋይ ወዳጅ
እህቴ ከርዕስ አልወጣሽም፣ ክርም ቁስ ነው። ፖሊስተር ከሆነ በደንብ ይለየዋል። የበግ ፀጉር ለሁለት የሚከፍለው ብርሃን የፍጥነት ልዩነቱ ትንሽ ነው፣ በቁጥር 0.01 ገደማ። ወደ 30 ማይክሮሜትር (0.03 ሚሊ ሜትር) የሚጠጋ ክር ብንይዝ፣ ሁለቱ ሲባዙ 300 ናኖሜትር መዘግየት ይሰጣል፤ በሁለቱ ዳገት ወጪዎች መካከል ያለው ርቀት ማለት ነው። ያ ግራጫ፣ ነጭ፣ ቢበዛ ፈዘዝ ያለ ቢጫ ነው። ፖሊስተር ግን 0.16 አካባቢ ነው። 20 ማይክሮሜትር ቢሆን እንኳ መዘግየቱ ከ3000 ያልፋል፣ ስለዚህ ፈዛዛ ሮዝና አረንጓዴ ተደራርቦ ይታያል። አንድ ጊዜ ካየሽው አትስቺውም።

ችግሩ አክሪሊክ የሚባለው ሰው ሠራሽ ክር ላይ ነው። ብርድ ልብስ ላይ የሚበዛው እሱ ነው፣ እሱ ደግሞ በጣም ደብዛዛ ግራጫ ነው የሚሆነው። ቀለሙን ብቻ አይተሽ ብትፈርጂ ትሸወጃለሽ። ፖላራይዘሩን አውጥተሽ ገጹን እዪ። የበግ ፀጉር እንደ ዓሣ ቅርፊት ተደራራቢ ቅርፊት አለው። አክሪሊክ ልሙጥ ነው።

የመሐል ሜዳዋ
እግዜር ይስጥልኝ። አያቴ ግን ክሩን ክብሪት ላይ ለኩሳ ታሸተዋለች። ፀጉር ፀጉር ከሸተተ የበግ ነው ትላለች።

ድንጋይ ወዳጅ
አያትሽ ትክክል ናቸው። ርካሽም ነው። ድብልቅ ከሆነ ብቻ ነው ማይክሮስኮፑ የሚበልጣቸው፤ ስንቱ ክር የቱ እንደሆነ ይቆጥራል።

ኩርንችት
እኔ ድንጋይ ነው የማውቀው። ጣርማ በር አጠገብ ያለውን ጥቁር ድንጋይ፣ ባዛልቱን፣ ስስ አድርጌ ላየው ፈልጌ ሦስት ሳምንት ፈተግሁ። ዘዴውን ለሚፈልግ፦ ቁራጩን አንድ ፊቱን አስተካክዬ ስላይድ ላይ በኢፖክሲ ማጣበቂያ ለጠፍኩ። ከዚያ ወፍራም መስታወት ላይ የካርቦራንደም ዱቄት (ድንጋይ መፈተጊያ) በውሃ አድርጌ ማሸት። መጀመሪያ ሻካራውን፣ ከዚያ ደቃቁን። መጽሐፍ ላይ ድንጋይ 0.03 ሚሊ ሜትር መድረስ አለበት ይላል። ምን ያህል እንደደረስኩ በምን ላውቅ? ኳርትዝ ግራጫ እስኪሆን ይላሉ፣ እኔ ግን ኳርትዝ አላገኘሁም።

ድንጋይ ወዳጅ
አታገኝም። በዚህ ባዛልት ውስጥ ኳርትዝ መፈለግ ምጣድ ላይ ዓሣ መፈለግ ነው። በምትኩ ረጃጅሞቹንና ነጫጮቹን እንጨት መሰል ማዕድናት ተጠቀም። ፕላጂኦክሌዝ ይባላሉ። ሲቆላለፍ ጥቁርና ነጭ መስመር ይሠራሉ፣ እንደ ሸማ ጥለት። እነሱ ቢጫና ብርቱካን ካሳዩህ ገና ወፍራም ነው። ግራጫና ነጭ ሲሆኑ አቁም። ከዚያ በላይ ከሄድክ አንድ ማለዳ ስላይዱ ባዶ ሆኖ ታገኘዋለህ።

ኩርንችት
ሁለተኛው ባዶ ሆኗል 😭 ሦስተኛው ነው የተሳካው። ጋሼ፣ ያየሁትን ልናገር? በዓይን ሲያዩት ከሰል ነው። ከስስነቱ የተነሣ ብርሃን ሲያልፍበት ጥለታም መስመሮች በየአቅጣጫው ተበትነዋል። መሃላቸው ሰማያዊ፣ ሐምራዊ፣ ደማቅ ብርቱካን ፍሬዎች አሉ። ሳዞረው እያንዳንዱ ፍሬ በየ90 ዲግሪው ይጠፋና ይበራል። አንድ ዙር ሲሞላ አራት ጊዜ። መሃል መሃል ላይ ግን የማይበራ ጥቁር ነገር አለ።

ድንጋይ ወዳጅ
ደማቆቹ ፓይሮክሲንና ኦሊቪን የሚባሉ ማዕድናት ናቸው። ጥቁሩ ሁለት ነገር ሊሆን ይችላል። አናላይዘሩን አውጣና እየው። ያኔም ጥቁር ከሆነ ብርሃን የማያሳልፍ የብረት ማዕድን ነው። ከጠራ ወይም ቡናማ ከሆነ ግን ላቫው ቶሎ ስለቀዘቀዘበት አተሞቹ ለመደርደር ጊዜ ያላገኙበት፣ ጠርሙስ ሆኖ የቀረ ክፍል ነው። ያ ላቫ በምን ፍጥነት እንደቀዘቀዘ የምታነበው እዚያ ነው። ፍሬው ትልቅ ከሆነ ቀስ ብሎ ቀዝቅዟል።

ይህን ሁሉ ያስጀመረው እንግሊዛዊው ሄንሪ ሶርቢ ነው። እ.ኤ.አ. በ1849 ድንጋይ ፈትጎ ስስ ሲያደርግ «ተራራ በማይክሮስኮፕ ይጠናል እንዴ!» ብለው ሳቁበት። ከእሱ በፊት ባርቶሊን የሚባል የዴንማርክ ሰው በ1669 ከአይስላንድ የመጣ ካልሳይት የሚባል ማዕድን ጽሑፍ ላይ ሲያስቀምጥ ፊደሉ ሁለት ሆኖ ታይቶት ነበር። የፈረንሳዩ ሚሼል ሌቪ በ1888 የቀለሙን ሰንጠረዥ አወጣ፤ ውፍረቱንና ቀለሙን ካወቅህ የማዕድኑን ጠባይ ታነባለህ። ዛሬም ላብራቶሪ ግድግዳ ላይ ተለጥፎ የምታየው እሱን ነው።

ፊዚክስ 12ኛ
ካልሳይት ካሉ አይቀር፣ የጀማ ሸለቆ ነጭ ድንጋይ ካልሳይት ነው አይደል? በካልኩሌተሬ ፊልም አየሁት። ቀለም ጠብቄ ነበር፣ ነጭ ብቻ ነው።

ድንጋይ ወዳጅ
የሱ የፍጥነት ልዩነት እጅግ ትልቅ ነው፣ 0.172። 0.03 ሚሊ ሜትር እንኳ ከ5000 ናኖሜትር በላይ ያዘገያል። ቀለማቱ በዝተው ተደራርበው ወደ ነጭነት ይመለሳሉ። ያ የዕንቁ ነጭ ራሱ መታወቂያው ነው። ሎሚ ጠብ አድርግበት፣ አረፋ ካወጣ ጨርሰሃል።

ባለ ማይክሮስኮፑ
ወገኖቼ፣ እኔ ግን አጎቴ አለብኝ! ሐሙስ ተመልሶ ይመጣል። ጠርሙስና ኦፓል በዚህ ካልተለዩ በምን ልለያቸው?

ድንጋይ ወዳጅ
በሚዛን። ኦፓል ቀላል ነው፣ ከውሃ 2 እጥፍ ገደማ ነው የሚመዝነው። የወሎው አንዳንዱ ከዚያም ያንሳል። ተራ ጠርሙስ 2.5 አካባቢ ነው። ወርቅ ቤት ሄደህ ሚዛን ለምን። ድንጋዩን ደረቁን መዝን። ከዚያ ብርጭቆ ውሃ ሚዛኑ ላይ አድርገህ ዜሮ በለው። ድንጋዩን በቀጭን ክር አንጠልጥለህ ውሃው ውስጥ አጥልቀው፣ ታችኛውን እንዳይነካ። ሚዛኑ የሚያሳይህ ድንጋዩ የገፋውን ውሃ ነው። ደረቁን ክብደት ለእሱ አካፍል። ቶሎ በል፤ አንዳንድ ኦፓል ውሃ ይጠጣል። እንደጨረስክ ጠርገህ ጥላ ላይ አድርቀው፣ ፀሐይ ወይም ምድጃ አጠገብ አታስጠጋው።

ማይክሮስኮፑንም አታባርረው። በተራ ብርሃን ክብ ክብ የአየር አረፋ ወይም እንደ ተማሰለ ማር የሚዞር መስመር ካየህ ጠርሙስ ነው ብለህ ጠርጥር።

ባለ ማይክሮስኮፑ
ተመልሻለሁ። ወርቅ ቤቱ ባለቤት ሳቀብኝ፣ ግን ሚዛኑን ሰጠኝ።

አንደኛው ቡናማ 9.0 ግራም፣ የገፋው 4.5። ሁለት እጥፍ ልክ። ሁለተኛው ቡናማ 6.3 ለ3.1፣ ያው ነው። ሦስተኛው፣ የሚያምረው፣ አጎቴ በመሐረቡ ለብቻው የጠቀለለው፣ 5.5 ለ2.2።

2.5።

ማታ መብራቱን አስተካክዬ ፖላራይዘሩን አውጥቼ ጠርዙን አየሁት። ሁለት አረፋ፣ ክብ ክብ።

ጣርማ በር
ወይኔ! ለአጎትህ ነገርካቸው?

ባለ ማይክሮስኮፑ
ነገርኩት። አልተናደደም። «ቡናማዎቹንስ በስንት ገዛሃቸው?» ብለው «እነሱንማ ለምርቃት ነው የጨመረልኝ» አለ። ከዚያ የድንቹን መስቀል አሳየሁት፣ ረጅም ሰዓት ዓይኑን ከሌንሱ አላነሣም። ሲሄድ ጠርሙሱን ራሱ ይዞት ሄደ፣ ለልጄ እሰጣታለሁ ብሎ። ቡናማዎቹን እኔ ዘንድ ትቷቸዋል።

ኩርንችት
ከመቁረጥህ በፊት አንዱ ዙሪያው ላይ የናት ድንጋዩ (ኦፓሉ የተፈጠረበት ድንጋይ) ቅሪት ካለ ለኔ ላክልኝ። ካርቦራንደሙ ገና አላለቀም።